ስንተኛ ክፍል ነህ የማይባልበት ሳይክል ቤት

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ልጆችን ተቀብሎ ሥራ የሚያሠራ አንድ የሳይክል ጥገና ቤት አለ። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ጥሩ ቦታ ነው፣ ልጅ ላኩ። ግን ለሁሉም ልጅ አይሆንም፤ መስተካከል ያለባቸው ነገሮችም አሉ። እነሱን ሳታነቡ አትወስኑ።

የቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው እንዳልጽፍ የጠየቁኝ። «ከስድስት ልጅ በላይ መከታተል አልችልም፣ ሰው እንዳታመጪብኝ» ብለውኛል። ሐዋሳ የሳይክል ከተማ ናት፣ ጥገና ቤት በየመንደሩ ሞልቷል። እዚህ የምጽፈውን ይዛችሁ የሰፈራችሁን ባለሙያ ብታናግሩ እሺ የሚል አይጠፋም።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ናይት ስለምገባ ብዙውን ቀን ቤት ነኝ። ይህን ቤት የፈለግሁት ለወንድሜ ልጆች ነው። ወንድሜ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ሚኒሶታ ነው። ዘንድሮ ለሥራ መጥተው ከጥር ጀምሮ እኛ ጋ ናቸው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው። ወንዱ 10፣ ትንሿ 7። አንዳቸውም ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም።

ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆነው ነው?» ይለኛል። ምንም አልሆኑም። ወላጆቻቸው አስበውበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅን ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ሚኒሶታ ላይ ወላጅ ልጁን ቤት እንደሚያስተምር ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቃል፣ ልጁም በየዓመቱ ይፈተናል። ሁሉም አገር እንዲህ አይፈቅድም፤ ጀርመን ለምሳሌ ክልክል ነው።

ከቤት ትምህርት መካከል ደግሞ የወንድሜ ዓይነቱ ለየት ያለ ነው። የክፍል ሰዓት የለውም። የተቆረጠ ዕቅድ የለውም። ልጁ ከኑሮው ይማራል፤ ከማድ ቤቱ፣ ከገበያው፣ ከራሱ ጥያቄ። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው ጆን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ ነው። ራሱ የክፍል መምህር ነበር። ልጆቹ ነገሩን ለመረዳት ሳይሆን መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ለመገመት ሲደክሙ እያየ ነው ወደዚህ ሐሳብ የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1977 እንደ ወንድሜ ላሉ ቤተሰቦች መጽሔት ጀመረ። በ1985 አረፈ።

ሐሳቡ ጥሩ። ግን ከኑሮ የሚማር ልጅ ኑሮ ያስፈልገዋል። ሚኒሶታ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ አለ፣ እንደነሱ ያሉ ቤተሰቦች ይገናኛሉ፣ እናታቸው አብራቸው ትውላለች። እዚህ ሲመጡ ወንድሜ ቀኑን ቢሮ ነው። ሚስቱ በኢንተርኔት የምትሠራው ሥራ አላት። እኔ ከናይት ወጥቼ እተኛለሁ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተዘግተው ታብሌት ላይ አፈጠጡ። ይህ ትምህርት ቤት ካለመሄድ የባሰ ነው።

ከግቢ ሲወጡ ደግሞ ያ ጥያቄ አለ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ልጅ ሲያገኝ ስሙን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ይላል፣ ከዚያ «ስንተኛ ወጣህ?» ይመጣል። ሦስቱም የየራሳቸውን መላ አበጁ። ትልቋ «7ኛ» ብላ ትገላገላለች። ወንዱ ቆሞ ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳል፤ ሱቅ ልኬው ሳይመለስ የቀረው እንዲህ ሲያስረዳ ነበር። ትንሿ «ሰባት» ትላለች፣ ዕድሜዋን ነው። አንድ ማታ ትልቋ ሽንኩርት እየላጠች እንዲህ አለችኝ፦ «አክስቴ፣ ሰዎቹ እኔን ማወቅ ፈልገው ነው የሚጠይቁኝ፣ ወይስ ደህና መሆኔን ሊያረጋግጡ?» ሁለቱም ነው አልኳት። ብዙ አላረካትም።

ሳይክል ቤቱን ያገኘሁት የልጄ ሳይክል ሲበላሽ ነው። ባለቤቱ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በረንዳው ላይ የሰፈር ልጆች ተንበርክከው ጎማ ሲለጥፉ አየሁ። ሠራተኛ መስለውኝ ነበር። «አይ፣ እነዚህስ ለራሳቸው የመጡ ናቸው» አሉኝ። በበነጋው ሦስቱንም ይዤ ሄድኩ።

ጋሼ ስንተኛ ክፍል ናችሁ አላሉም። «ሳይክል መንዳት ትችላላችሁ?» አሉ። አዎ። «ፈታችሁ ታውቃላችሁ?» አናውቅም። ለሦስቱም ጨርቅ ሰጧቸውና በናፍታ የተነከረ ካቴና እንዲያጸዱ አስቀመጧቸው። ሌላ ማብራሪያ አልነበረም። ልጆቹ ግን ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ የሚያወሩት ካቴናው በስንት ቁራጭ እንደተሠራና እያንዳንዱ ቁራጭ እንዴት እንደሚታጠፍ ነበር።

አንድ ነገር በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ትልቋ የአንድ ቻይና ሠራሽ ሳይክል ሁለቱንም ፔዳል እንድትቀይር ተሰጣት። የቀኙን በ15 ቁልፍ ወደ ግራ አዙራ ፈታችው። ወደ ሌላኛው ጎን ዞረችና የግራውንም እንደዚያው ወደ ግራ ታገለችው። አልንቀሳቀስ አለ። ቆማ በእግሯ ረገጠችው። ጭራሽ ጠበቀ። ጋሼ አጠገቧ ጎማ እየነፉ ነው። እያዩዋት ነው። ምንም አይሉም።

እኔ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ባላውቀውም «ጋሼን ጠይቂያቸው» ልላት። ዝም አልኩ። እሷም ተወችውና መሬት ተቀመጠች። የፈታችውን የቀኙን ፔዳል አንስታ የቡሎኑን ጥርስ አገላብጣ አየች። ከዚያ ተነስታ አሮጌ ዕቃ ካለበት ሣጥን ውስጥ ሌላ ፔዳል መፈለግ ጀመረች። አንድ የግራ አገኘች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የአንዱ ጥርስ ወደዚህ ያዘነበለ፣ የሌላው ወደዚያ። ጮኸች። ቁልፉን ወደ ቀኝ ስታዞረው ፔዳሉ ተፈታ።

ጋሼ ያኔ ነው አፋቸውን የከፈቱት። «ለምን እንዲህ ሠሩት ይመስልሻል?» አሏት። አላውቅም አለች። «እንግዲያስ ነድተሽ ነይ» አሉና ሌላ ሳይክል ሰጧት። ግቢው ውስጥ ዓይኗን እግሯ ላይ ተክላ ዞረች። ስትመለስ «የግራውም እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ ስንነዳው እየተፈታ ይወድቅ ነበር» አለች። ልክ ናት። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጎማቸው ተመለሱ። ጎበዝ እንኳ አላሏትም። እሷ ግን ማታ ለአባቷ ስትነግረው ሁለት ማንኪያ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ነው ያሳየችው።

«በቀኝ በኩል አዙሪው» ብሎ መንገር ቀላል ነበር፣ ሥራውም ቶሎ ያልቅ ነበር። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ እንደዚያ መታገስ የሚችል ሰው ብዙ አላውቅም። የምትከፍሉት ለዚህ ትዕግሥት ነው። እኔ የሚገባው ዋጋ ነው እላለሁ።

ወንዱ ልጅ ሌላ ነው። እሱ መፍታት ብዙም አይወድ፣ መለካት ነው የሚወደው። አንድ ቀን 26 ቁጥር ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ አስፋልቱ ዳር አንከባለለው። ምልክቱ እንደገና መሬት እስኪነካ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ሄደ። የልብስ ሰፊ ሜትር ነው የተጠቀመው፣ ከእኔ ቤት የወሰደውን። ቀጥሎ የፊቱን ማርሽ ጥርስ ቆጠረ፣ 44። የኋላውን ቆጠረ፣ 18። ጀርባው ላይ ግሪስ በተቀባ ካርቶን ላይ ሲያሰላ ቆየና «ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ አምስት ሜትር ይሄዳል» አለ። ማንም አላመነውም። በጠመኔ አሰምሮ፣ ሳይክሉን ገፍቶ አሳየን። አምስት ሜትር ከትንሽ። ይህ ልጅ እናቱ የማባዛት ሰንጠረዥ ልታስጠናው ስትል ሽንት ቤት የሚደበቅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራቸው የምትሄደው ልጄ «ያው ማባዛት እኮ ነው» ስትለው «አይደለም፣ ይሄ ሳይክል ነው» ብሎ ተቆጣ።

ለትንሿ ቀለል ያለ ሥራ ነበር የሰጧት፣ መለያ መጻፍ። ለጥገና የተተወ ሳይክል ላይ የባለቤቱ ስምና ስልክ በፕላስተር ይለጠፋል። ቁጥር ትችላለች። የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም፤ በእንግሊዝኛም ገና እየተንተባተበች ነው የምታነበው። መጀመሪያ ወጣቱ ሠራተኛ ይጽፍላትና ትገለብጣለች። ከዚያ ደንበኞቹን መጠየቅ ያዘች። «ስምህ በምንድን ነው የሚጀምረው? ጻፍልኝ።» ባለ ባጃጁ፣ ባለ ሱቁ፣ ዳቦ የሚያመላልሰው ልጅ፣ ሁሉም እየጎነበሱ ጻፉላት። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ የካርቶን ክዳን ላይ ከሀ እስከ ፐ ጽፈው አመጡላት። አሁን የመንገድ ታፔላ እያነበበች ነው የምትሄደው። ባጃጅ ውስጥ ስንሆን ጮክ ብላ። ለምን እንደወደደችው ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ «ካላነበብኩ የአንዱን ሳይክል ለሌላው እሰጣለሁ።»

ከናይት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደጋግሜ የማስበው ይህን መልሷን ነው። የእኔ ልጅ ፊደል የቆጠረችው መምህሯ ስላዘዘቻት ነው። ጥሩ አድርጋ ቆጥራለች፣ ቅሬታ የለኝም። የወንድሜ ልጅ ግን የሰው ሳይክል እጇ ላይ ስላለ ነው። ለምን እንደምትማር የነገራት ሰው የለም። መንገርም አላስፈለገም።

እንዲህ ስል ትምህርት ቤት ይዘጋ ማለቴ አይደለም። ልጆቹም እንደዚያ አይሉም። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ 6ኛ ክፍል፣ ሰኔ ላይ የክልል ፈተና አለባት። የአጎቷን ልጆች ትቀናባቸዋለች ብዬ ነበር። ስጠይቃት «ጠዋት አለመነሳታቸው ያስቀናኛል» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ግን ጓደኞቼ እዚያ ናቸው፣ ትምህርት ቤቴን እወደዋለሁ» አለችኝ። ሳይክል ቤት የምትወደው ምኑን እንደሆነ ስጠይቃት ደግሞ ስትሳሳት ቀይ እስክሪብቶ አለመኖሩን ነው የጠቀሰችው። «ጎማው ራሱ ይተነፍሳል፣ እኔ ነኝ የማየው» ነው ያለችው።

ትልቋ የወንድሜ ልጅ ተቃራኒውን ነው የነገረችኝ። አንድ ጠዋት ልጄን ልናደርስ አብረን ሄድን። ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል፣ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ነው። በሩ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። «እኔ ተሰልፌ አላውቅም» አለችኝ። «ፈተናው አያምረኝም። ሁሉም አንድ ላይ ሲዘምሩ ግን ያምረኛል።» ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ሚኒሶታ ሲመለሱ ከፈለገች ትመዝገብ፣ ምርጫው የሷ ነው ብሏል። እሷም እያሰበችበት ነው።

ወንድሜ አንድ ጥናት ይጠቅሳል። ፒተር ግሬይና ጂና ራይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ያደጉ 75 አዋቂዎችን ጠይቀው ነበር። ከሦስቱ በቀር ሁሉም ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ብለዋል። ደስ ይላል። ግን መልስ የሰጡት በራሳቸው ፈቃድ ቀርበው ነው። የተከፉት ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። እኛ ሆስፒታል ውስጥም ምስጋና መዝገብ ላይ የሚጽፈው ደስ ብሎት የሄደው ነው። ስለዚህ ጥናቱን ከማመን ይልቅ ፊቴ ያሉትን ልጆች መጠየቅ ይሻለኛል።

ከጠየቅኋቸው ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የቤቱ ወጣት ሠራተኛ ነው። 16 ዓመቱ ነው። ከሲዳማ ገጠር መጥቶ አጎቱ ቤት ይኖራል። ቀን ጋሼ ጋ ይሠራል፣ ማታ 8ኛ ክፍል ይማራል። የአገራችን የሥራ ሕግ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ18 በታች ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ጋሼ ይህን ይጠብቃሉ። 10 ሰዓት ሲሆን ዕቃ እንኳ እጁ ላይ ቢሆን «በል ሂድ፣ ደብተርህን ያዝ» ይሉታል። በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ።

ይህ ልጅ የወንድሜ ልጆች ነገር መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ትልቋን ጠየቃት፦ «ትምህርት ቤት መሄድ እየቻላችሁ ነው የማትሄዱት?»

አዎ አለችው።

«እኔ ቀን ክፍል መቀመጥ ብችል ኖሮ እዚህ አትታዩኝም ነበር» አላት። ከዚያ የጎማ ሽቦ እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ «እናንተ ስትሳሳቱ ትስቃላችሁ። እኔ ስሳሳት ደንበኛ ይሄዳል» አለ።

እሷ ምንም አልመለሰችለትም። ቤት ስትመጣም ብዙ አላወራችም። በሳምንቱ ግን የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። አሁን ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በረንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያነብባሉ። እሱም የተጣመመ ጎማ ማቃናት ያሳያታል፤ ከባድ ሥራ ነው፣ ገና አልቻለችውም።

ከኑሮ መማር የሚባለውን ነገር የማደንቀውን ያህል፣ ይህን ልጅ ሳላስብ ማድነቅ አልችልም። አንድ ዓይነት በረንዳ፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት ግሪስ። የወንድሜ ልጆች ሲደክማቸው ወደ ቤት ይመጣሉ፣ ምሳ ይጠብቃቸዋል፣ ሁለት የተማሩ ወላጆች ከኋላቸው አሉ። እሱ ሲደክመው የማታ ትምህርቱ ይጠብቀዋል። ለአንዱ ነፃነት የሆነው ለሌላው ዕጦት ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት ላውጣው የሚለኝ ወላጅ ካለ በመጀመሪያ ይህን ልጅ ሄዶ ያናግረው።

አሁን ጉድለቶቹን ልቁጠር፣ እንደ ነርስም እንደ እናትም።

ዋነኛው ማስቲሽ ነው። ካላማዳሪ ሲለጠፍ የቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ልጥፉ ይጫናል። የማስቲሽ ሽታ ለልጅ ሳንባም ለጭንቅላቱም ጥሩ አይደለም። በረንዳ ላይ ሲሠራ ነፋስ ይወስደዋል። ዝናብ ሲጥል ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሩም ገርበብ ይላል። ነግሬያቸው ጋሼ በዝናብ ቀን ማስቲሽ ላለማስነካት ተስማምተዋል። አልፎ አልፎ ይረሱታል። ልጃችሁን የምትልኩ ከሆነ አስታውሷቸው።

ሁለተኛው እጅ በናፍታ መታጠብ ነው። የጥገና ቤት ልማድ ነው። ቆዳ ያደርቃል፣ ያሳክካል። ፈሳሽ ሳሙና ላይ ትንሽ ስኳር ነስንሶ ማሸት ግሪሱን ያነሳዋል። እኔ በጠርሙስ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ልጆቹ እየተጠቀሙበት ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አልነበረም። ፋሻ፣ ፕላስተርና የቁስል ማጠቢያ አስቀምጫለሁ። ጣት በካቴናና በማርሽ መካከል መግባቱ አይቀርም፤ ወንዱ አንዴ ጥፍሩ ጠቁሮ መጥቷል። የልጃችሁን የክትባት ካርድ እዩ። ዝገት ያለበት ቦታ ነው፣ የቴታነስ ክትባት ያልተሟላለት ልጅ አይሂድ።

ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ንጹሕ አይደለም። ለሴት ልጆች በተለይ ያስቸግራል። ትልቋ ቤት ድረስ ትመላለሳለች። ቤታችን ቅርብ ባይሆን ኖሮ አልልካትም ነበር።

የተጠገነ ሳይክል ሲሞከር ሄልሜት የለም። ባጃጁን ታውቁታላችሁ። አሁን ልጆቹ የሚሞክሩት ግቢ ውስጥና ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። በፍቅር ሐይቅ በኩል እስከ ሐይቁ ዳር የሚሄዱት ጠዋት በማለዳ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ከፊት ሆኖ ሲመራቸው ነው። ይህ የሁሉም ምርጥ ሰዓት ነው። አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ አጥማጆቹን ያያሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ እያዩ ይስቃሉ። ትንሿ ቆሮሶና አምባዛ መለየት የቻለችው እዚያ ነው፣ ዋጋ መከራከርም ጀምራለች።

ደግሞ ይህ ቤት የማይስማማው ልጅ አለ። የጎረቤቴን ልጅ ይዤው ሄጄ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከክፍሉ አንደኛ ነው የሚወጣው። ብዙም ሳይቆይ አልሄድም አለ። ለምን ስለው «ምን እንደምሠራ አይነግሩኝም። ትክክል ከሠራሁም አይነግሩኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ጋሼ አያብራሩም፣ አያሞግሱም። ትእዛዝና ማበረታቻ የሚፈልግ ልጅ እዚያ ይከፋዋል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ፈሪም አይደለም። የለመደው ሌላ ነው። እናቱ አላስገደደችውም፣ ደግ አድርጋለች።

ጽሑፍ የሚባል ነገርም የለም። ከስምና ከስልክ ውጪ ማንም አይጽፍም። ትልቋ ማታ ማታ የሠራችውን በሥዕል አድርጋ ደብተር ላይ ታሰፍራለች፣ እሱን እናቷ ናት የምትከታተለው። ቤት ውስጥ የሚያነብላቸውና የሚያጽፋቸው ሰው ከሌለ ሳይክል ቤቱ ብቻውን አይበቃም።

ክፍያው በሳምንት 400 ብር ነው፣ ሻይ ጨምሮ። ወንድማማችና እህትማማች ከሆኑ ይቀንሳሉ። በቴሌብር ይቀበላሉ። ሰዓቱ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ስለሚበዛ ልጅ አይቀበሉም። እሑድ ዝግ ነው። ለፍቼ ጨምበላላም ይዘጋሉ፤ ዘንድሮ ልጆቹን ጉዱማሌ ወስደው በዓሉን ያሳዩአቸው የወጣቱ ሠራተኛ አጎት ናቸው። አሮጌ ልብስ፣ ጣት የሚሸፍን ጫማና ዳቦ ቆሎ አሲዛችሁ ላኩ። ሰንደል ጫማ ያደረገ ልጅ ይመለሳል።

ከ7 ዓመት በታች አይቀበሉም። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁን ራሱን ይዛችሁ ሂዱና አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ይይ። ጋሼ ስትወጡ ልጁን ነው የሚጠይቁት፣ «ትመጣለህ?» ብለው። ልጁ ዝም ካለ ወላጁ ቢለምናቸውም እሺ አይሉም። የክረምት ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰኔ ሳይጋመስ ብታናግሩ ይሻላል።